የቆርቆሮ ቤትን የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ ማድረግ

በግቢዎ ጥግ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል የመዝሙር፣ የዘፈን፣ የትረካ ወይም የፖድካስት መቅረጫ ለማድረግ ካሰቡ፣ ገበያ ወጥተው ስፖንጅ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። ድምፅ እንዳይገባና እንዳይወጣ የሚያግደው ክብደትና ቀዳዳ አልባነት ነው። ስፖንጅ ሁለቱም የለውም። የእንቁላል መያዣ ካርቶንም እንዲሁ ነው። ካርቶኑ ክፍሉ ውስጥ የሚንጫጫውን ቀጭን ድምፅ ጥቂት ይሰባብር ይሆናል እንጂ ጎረቤት የሚሰማውን አይቀንስም፤ የሐምሌን ዝናብም አያስቆምም። ብዙ ወጣቶች ያጠራቀሙትን ገንዘብ እዚህ ላይ ሲያባክኑት ማየት ያሳዝናል።

ለጣሪያና ለግድግዳ የምንጠቀምበት ቆርቆሮ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። 0.4 ሚ.ሜ. የሆነው በካሬ ሜትር 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የአንድ ግድግዳ ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚያግደው ድምፅ በስሌት 6 ዲሲቤል ያህል ይጨምራል፤ ጆሮ ግን «ድምፁ በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ልዩነቱ 10 ዲሲቤል አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ቆርቆሮ ላይ ሌላ ቆርቆሮ ቢደርቡ ለውጡን ብዙም አያስተውሉትም። የሚያዋጣው መንገድ በቆርቆሮው ቤት ውስጥ ሌላ ከባድ ክፍል መሥራት ነው፤ ከቆርቆሮው ጋር የትም ቦታ ሳይነካካ። ቆርቆሮው ዝናቡንና ፀሐዩን ይመልስ፤ ድምፁን ውስጠኛው ክፍል ይያዝ።

መጀመሪያ ያዳምጡ

ሥራው የሚጀመረው በመዶሻ ሳይሆን በጆሮ ነው። ለትረካና ለንግግር የሚሆን ክፍል ዋና ጠላቱ ከውጭ የሚገባው ነው፤ ውሻ፣ መኪና፣ የጎረቤት ጄኔሬተር፣ ዝናብ። ከበሮ ወይም ቤዝ ጊታር የሚመታበት ክፍል ደግሞ የሚወጣው ይብስበታል። ወፍራም ድምፅ ግድግዳን አልፎ የመሄድ ኃይሉ ከቀጭኑ ስለሚበልጥ ሥራውም ወጪውም ይከብዳል። በገና ለብቻው ይታሰብ፤ ድምፁ ዝግ ያለና ወፍራም በመሆኑ ከመንገድ የሚመጣው ጉምጉምታ በላዩ ላይ ያርፋል። ከተቀረጸ በኋላ ጉምጉምታውን በኮምፒውተር ላጥፋ ቢሉ በገናውም አብሮ ይቆረጣል።

ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ክፍሉ ውስጥ ሬዲዮ ከፍ አድርገው ይክፈቱና በሩን ዘግተው ዙሪያውን ይዙሩ። የትኛው ጎን እንደሚብስ፣ የጎረቤት አጥር ጋ ምን ያህል እንደሚሰማ በወረቀት ይያዙ። የስልክ ድምፅ መለኪያ ትክክለኛውን ቁጥር ላይሰጥ ይችላል፤ ከሥራው በፊትና በኋላ በዚያው ስልክ፣ በዚያው ቦታ ሲለኩት ግን ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። የአገራችን የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የሚፈቅደው ቀን 55፣ ማታ 45 ዲሲቤል መሆኑንም ያስቡበት። በመጨረሻ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ባትሪ እያበራ በግድግዳውና በጣሪያው ላይ ያዙር፤ እርስዎ ከውጭ ሆነው ብርሃን የሚያሾልከውን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። ብርሃን ያለፈበት ሁሉ ድምፅ ያልፋል።

ቆርቆሮውን ማርጋት

ውስጠኛው ክፍል ከቆመ በኋላ የቆርቆሮውን ጀርባ ማግኘት አይቻልም። የሚያፈሰውን፣ የዛገውን፣ ሚስማሩ የተነቀለውን አሁኑኑ ይጠግኑ። የላላ ቆርቆሮ በንፋስ ከመንኳኳቱ በላይ፣ ከበሮ ሲመታ ከውስጥ አብሮ ይርገበገባል። የተነቀለው ሚስማር ቦታ ላይ መልሰው ሚስማር አይምቱ፤ የላስቲክ ሮንዴላ ያለው ቪቴ ይሰሩበት።

ቆርቆሮን በጣት ሲያንኳኩት ይጮሃል። ከሥሩ ሬንጅ ያለበትን ተለጣፊ ሽፋን፣ ለኮንክሪት ጣሪያ ውኃ መከላከያ የሚሸጠውን ዓይነት፣ በሞገዶቹ ውስጥ በደንብ እየተጫኑ ቢለጥፉበት ጩኸቱ ይሞትና ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ሙሉውን መሸፈን የግድ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ቆርቆሮ ግማሽ ያህል መሸፈኑ ለውጥ ያመጣል። በእሳት እየተሞቀ የሚለጠፈውን ዓይነት ግን የእንጨት ማገር ባለበት ጣሪያ ሥር ፈጽሞ አይሞክሩት።

ሌላው ጉዳይ ላብ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ከተማ ሌሊት ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ጤዛ ይቋጥራል። ግላስ ውል ወይም ሮክ ውል ከቆርቆሮው ጋር አጣብቀው ከጠቀጠቁ ይረጥባል፣ ይሻግታል፣ ሞራሌውም ይበሰብሳል። በቆርቆሮውና በመሙያው መካከል ባዶ ቦታ ይተዉ፤ በጣሪያው ጠርዝ በኩልም ለዚያ ባዶ ቦታ ጥቂት አየር ይግባ።

ወለሉ

መሬት ላይ የፈሰሰ የሲሚንቶ ወለል ካለዎት ዕድለኛ ነዎት፤ ከባድ ስለሆነ እንዳለ ይተዉት። የውስጠኛውን ግድግዳ የታችኛውን ሞራሌ ሲያስቀምጡ ብቻ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ያንጥፉ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጥ የሚወጣው ላስቲክ በቁመቱ ተቆርጦ ሁለት ሦስት ቢደረብ ይበቃል። ከበሮ ወይም ድራም የሚመታ ከሆነ ለመሣሪያው ብቻ ትንሽ መድረክ ይሥሩ፤ ሁለት ድርብ ቺፕውድ፣ ከሥሩ የላስቲክ ቁርጥራጭ።

ክፍሉ ኮንቴይነር ከሆነ ወለሉ እንጨት ነውና እሱም ተነጥሎ መሠራት አለበት። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር የውስጥ ስፋቱ 2.35 ሜትር፣ ከፍታው 2.39 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሁለት በኩል ግድግዳ ሲነሳለት ስፋቱ ወደ ሁለት ሜትር ይወርዳል። ለአንድ ድምፃዊ ይበቃል፤ ለባንድ አይሆንም።

ግድግዳው

ከቆርቆሮው 5 ሳ.ሜ. ያህል ገባ ብለው 5 በ7 ሳ.ሜ. በሆነ ሞራሌ ሙሉ ቋሚ ያቁሙ። በቋሚዎቹ መካከል 60 ሳ.ሜ. ይኑር። ይህ ቋሚ ከወለሉ በቀር የትም አይታሰርም፤ ከቆርቆሮውም፣ ከቆርቆሮው ቤት ምሰሶም ጋር። አናጢዎች በልማድ «ይጠንክር» ብለው ከውጭው ምሰሶ ጋር በሚስማር ያያይዙታል፤ ይህን አስቀድመው ይንገሯቸው፣ ሲሠሩም አጠገባቸው ይቁሙ። አንድ ሚስማር ንዝረቱን ከውጭ ወደ ውስጥ ያሻግረዋል። ጥንካሬውን አራቱ ግድግዳዎች በማዕዘን ላይ እርስ በርስ ሲያያዙና ኮርኒሱ ከላይ ሲያስራቸው ያገኙታል።

በሞራሌዎቹ መካከል ግላስ ውል ወይም ሮክ ውል ይሙሉ፤ ሳይጠቀጥቁ፣ ልቅ አድርገው። ሲሠሩ ጓንትና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ብናኙ ቆዳንና መተንፈሻን ያስቆጣል። ከዚያ በውስጠኛው ፊት ብቻ ሁለት ድርብ ባለ 12 ሚ.ሜ. ጂፕሰም ቦርድ ይምቱ። በሞራሌው ጀርባ፣ ማለትም በቆርቆሮው በኩል፣ ሌላ ቦርድ መምታት ክፍሉን የሚያጠናክረው ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። በመካከል የሚቀረው አየር ሲሳሳ እንደ ጥብቅ ሞላ ይሆንና ወፍራሙን ድምፅ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ያቀብላል። አንድ ቀላል ውጫዊ ሽፋን፣ አንድ ሰፊ አየር፣ አንድ ከባድ ውስጣዊ ግድግዳ፤ ይኸው ነው።

የሁለተኛው ድርብ መገጣጠሚያ ከመጀመሪያው መገጣጠሚያ ጋር በአንድ መስመር አይግጠም። ቦርዱ ከወለሉና ከኮርኒሱ ጋር ሲገናኝ 5 ሚ.ሜ. ክፍተት ይተዉለትና ደርቆ በማይሰነጠቅ ሲሊኮን ይሙሉት። ስቱኮ ለዚህ ቦታ አይሆንም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ይሰነጠቃል። ይህን የማሸጊያ ሥራ አይናቁት። በ10 ካሬ ሜትር ግድግዳ ላይ 10 በ10 ሳ.ሜ. የሆነ አንድ ቀዳዳ ቢቀር፣ ግድግዳው ምንም ያህል ቢከብድ ከ30 ዲሲቤል በላይ ማገድ አይችልም።

ለግምት ያህል 4 በ3 ሜትር የሆነ ቤት እንውሰድ። ውስጡ ወደ 3.7 በ2.7 ይጠብባል። ከፍታው 2.3 ሜትር ቢሆን ግድግዳና ኮርኒሱ አንድ ላይ 40 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ድርብ ሲሆን 80። 1.20 በ2.40 በሆነ ቦርድ ከቆሻሻው ጋር 30 ያህል ቦርድ ይፈጃል፤ ክብደቱም ከ7 ኩንታል በላይ ነው።

ጂፕሰም ቦርድ ከከበደዎ አያቶቻችን የተዉልን መልስ አለ፤ ጭቃ። ሁለት ድርብ ጂፕሰም በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ገደማ ሲመዝን፣ 5 ሳ.ሜ. ውፍረት ያለው የደረቀ ጭቃ 80 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በባሕር ዛፍ ማገር ላይ የተመረገ ሙሉ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ከዚህም በጣም ይከብዳል። የተመቻቸ ቦታ ላለው ሰው እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ገባ ብሎ፣ በድንጋይ መሠረት ላይ ማገሩን አቁሞ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር በደንብ የቦካ ጭቃ በየተራ መምረግ። አንዱ ምርጊት ሳይደርቅ ሌላውን አይደርቡ። ሲደርቅ የሚሰነጠቀውን በቀጭን ጭቃ ይድፈኑ፤ በመጨረሻ በልስን ይዝጉት። መድረቁ ሳምንታት ስለሚፈጅ በበጋ ይጀምሩ። ሁለት በኩል የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳም ጥሩ ነው። ሳይለሰን ግን ብሎኬት ድምፅ ያሳልፋል፤ የሚደፍነው ልስኑ ነው።

ኮርኒሱ

የቆርቆሮ ቤት ስቱዲዮ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ጣሪያው ራሱ ከበሮ ሆኖ ሲመታ ኮርኒሱ ከጣሪያው ወራጅ ላይ የተንጠለጠለ ከሆነ ድምፁ በእንጨቱ በኩል ቀጥታ ይወርዳል። ስለዚህ ኮርኒሱ ከላይ አይንጠልጠል፤ ከታች በውስጠኞቹ ግድግዳዎች ላይ ይረፍ። ሁለት ድርብ ቦርድ የሚሸከም እንጨት ከ5 በ10 ሳ.ሜ. ባያንስ፣ እርስ በርስ ያለው ርቀትም ከ40 ሳ.ሜ. ባይበልጥ ይመረጣል። ክፍሉ ከሦስት ሜትር በላይ ሰፊ ከሆነ ሙያተኛ ሳያዩት አይሥሩት፤ ከጭንቅላትዎ በላይ የሚሰቀለው ከሁለት ኩንታል የሚበልጥ ክብደት ነው።

ከኮርኒሱ በላይ 10 ሳ.ሜ. ሮክ ውል ያንጥፉ፤ ከእሱ እስከ ቆርቆሮው ያለው ባዶ ቦታ በሰፋ ቁጥር ይሻላል። ከሥሩ ሬንጅ የተለጠፈበት ቆርቆሮ፣ ሰፊ አየር፣ ሮክ ውልና ያልተንጠለጠለ ድርብ ኮርኒስ አንድ ላይ ሲሆኑ ተራው የክረምት ዝናብ ቀረጻ አያቋርጥም። በረዶ ቀላቅሎ ሲወርድ ግን ማይክሮፎኑን አጥፍቶ ማረፍ ነው።

በሩ

ጥሩ ግድግዳ ሠርተው ተራ በር ከገጠሙ ሁሉንም አጡት። በየሱቁ የሚሸጠው ውስጡ ባዶ የሆነ በር አይሆንም። ድፍን የእንጨት በር ይግዙ፤ ካልተገኘ ሁለት ኮምፔንሳቶ በማጣበቂያ ደርበው፣ በሁለቱ መካከል የላስቲክ ምንጣፍ አድርገው ያሠሩ። ክብደቱን እንዲሸከም ማጠፊያው ሦስት ይሁን። በመቃኑ ዙሪያ በሩ ሲዘጋ የሚጨመቅ ላስቲክ ይለጥፉ፤ አንድ ወረቀት በበሩና በላስቲኩ መካከል ዘግተው ሲጎትቱት ቢያስቸግርዎ ጥሩ ታሽጓል ማለት ነው። በየቦታው ይህን ያድርጉ። ከታች ደፍ የግድ ያስፈልጋል፤ ከበሩ ሥር ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ የሚረሳ ትልቁ ቀዳዳ ነው።

የቆርቆሮው ቤት የራሱን በር ይያዝ፤ ውስጠኛው ክፍል ሌላ በር ይኑረው። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ እንደ ትንሽ መተላለፊያ ያገለግላል። መስኮት ባይኖር ይመረጣል። የግድ ከሆነ ሁለት ውፍረታቸው የተለያየ መስታወት፣ አንዱን በውስጥ ክፍል አንዱን በውጭ፣ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት አድርገው ይግጠሙ።

አየርና መብራት

የታሸገ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ሰዓት ቢዘምር አየሩ ይከብዳል፤ ራስ ያምማል፣ ድምፅም ይደክማል። አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ሁለት ቱቦ ያስፈልጋል። ድምፅ በቱቦው እንዳያመልጥ ከኮምፔንሳቶ ረጅም ሳጥን ይሥሩ፤ ውስጡን አየሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠማዞ እንዲያልፍ በጣውላ ይከፋፍሉት፤ ግድግዳውን በሮክ ውልና በጨርቅ ይሸፍኑት። ቱቦው ሰፊ፣ ፋኑ ትልቅና በዝግታ የሚዞር ይሁን፤ ጠባብ ቱቦ ራሱ ያፏጫል። ፋኑን ከክፍሉ ውጭ በላስቲክ ላይ ያስቀምጡት።

የኤሌክትሪኩን ሥራ ለኤሌክትሪሺያን ይስጡ። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ የተላጠ ሽቦ ግድግዳውን ሁሉ ሊያነዝር ስለሚችል የመሬት መስመር መኖሩ ለድርድር አይቀርብም። ለድምፅ መሣሪያዎች የተለየ መስመር ቢወጣና ሁሉም ከአንድ ቦታ ቢሰኩ 50 ኸርዝ ላይ የሚሰማው እምምታ ይቀንሳል። ሶኬቶቹን በቦርዱ ውስጥ ከመቅበር በቦርዱ ላይ መለጠፍ ይሻላል፤ እያንዳንዱ የተቀበረ ሶኬት የተቦረቦረ ግድግዳ ነው። የማይክ ገመድ የሚያልፍበትን ቀዳዳም ገመዱ ካለፈ በኋላ በሲሊኮን ይድፈኑ።

የክፍሉን የራሱን ድምፅ ማስተካከል

አሁን የመምጠጫ ተራ ደረሰ። ክፍሉ መካከል ቆመው ያጨብጭቡ፤ ግድግዳዎቹ ጭብጨባውን እየተቀባበሉ ያንጣጡታል። ቀጭን ስፖንጅ ቢለጥፉበት ይህ ይጠፋል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን ይቀራል። የ1000 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገድ 34 ሳ.ሜ. ሲሆን የ100 ኸርዙ 3.4 ሜትር ይረዝማል፤ ሦስት ሳ.ሜ. ስፖንጅ ይህን አይዘውም። ውጤቱ ከላይ የታፈነ፣ ከታች የሚጎረብጥ ቀረጻ ነው።

ይልቅ 10 ሳ.ሜ. ጥልቀት ያለው የእንጨት ፍሬም ይሥሩ፤ በሮክ ውል ይሙሉት፣ በአቡጀዲ ይሸፍኑት። ጠቅላላው ስምንት ያህል ፍሬም ከላይ ለግምት ለወሰድነው ክፍል ይበቃል። አራቱን በማዕዘኖቹ ላይ ከግድግዳው አራርቀው በሰያፍ ያቁሙ፤ ወፍራሙ ድምፅ የሚከማቸው እዚያ ነው። ለቀሩት የሚሆነውን ቦታ በመስታወት ያግኙ፤ እርስዎ በመቀመጫዎ ሆነው ሌላ ሰው መስታወቱን በግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ስፒከሩ የታየዎት ቦታ ላይ ፍሬሙ ይሰቀላል። የበግ ጸጉር እጅግ ጥሩ መምጠጫ ነው፤ የመንዝ ባና ካለዎት ሰብስበው፣ ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል ርቆ እንደ መጋረጃ ይስቀሉት። ሁሉንም ግድግዳ ግን አይሸፍኑ። ለትረካ የደረቀ ክፍል ያስፈልጋል፤ መሰንቆና ዋሽንት ግን ትንሽ የክፍል ሕይወት ካልተሰጣቸው ይሞታሉ።

ለማሸጊያ ተብሎ የሚሸጠው የፍራሽ ስፖንጅ እንደ ቤንዚን ይነዳል፤ ጭሱም በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ዌስት ዋርዊክ በሚባል ከተማ፣ በአንድ የሙዚቃ ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ በመድረክ ርችት ተቀጣጥሎ 100 ሰዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በብራዚል ሳንታ ማሪያ ከተማ በተመሳሳይ ምክንያት 242 ሰዎች አልቀዋል። አንድ መውጫ ብቻ ያለው የታሸገ ክፍል እየሠሩ ነውና ስፖንጅ አይለጥፉ፤ ሁለቱም በሮች ወደ ውጭ ይከፈቱ፤ ከውጭ በቁልፍ የሚዘጋ ነገር አይኑራቸው፤ የእሳት ማጥፊያ በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጥ። በዚህ ላይ ቁጠባ የለም።

ገንዘቡ ካልበቃ

ሙሉውን ክፍል መሥራት ካልተቻለ በቆርቆሮው ቤት አንድ ጥግ ላይ 1.5 በ2 ሜትር የሆነች የድምፅ ክፍል ብቻ በዚህ አሠራር ያቁሙ፤ ኮምፒውተሩና የሚቀርጸው ሰው ከእሷ ውጭ ይሁኑ። ለድምፃዊና ለተራኪ ይህች ትበቃለች፤ ወጪውም ከግማሽ በታች ይወርዳል። ከበሮውን በቀን፣ ትረካውን ሌሊት ይቅረጹ። ግማሽ ግድግዳ ሠርቶ ሌላውን ግማሽ ለከርሞ ማቆየት ግን ምንም አያግድም፤ ትንሽ ይሥሩ፣ የሠሩትን ግን ዙሪያውን ይዝጉት።

ሁሉም ሲያልቅ ያንኑ ሬዲዮ በዚያው ከፍታ ከፍተው፣ ማታ በዚያው መንገድ ዙሪያውን ይዙሩ፤ ወረቀቱ ላይ ከጻፉት ጋር ያስተያዩት። ጎረቤትዎንም ይጠይቁ። አሁንም የሚሰማ ነገር ካለ ግድግዳ ላይ ሌላ ቦርድ ለመጨመር አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ የበሩን ላስቲክ፣ ቀጥሎ የአየር ሳጥኑን፣ ከዚያም ኮርኒሱ ከግድግዳው የሚገናኝበትን መስመር ይመርምሩ። ቀሪው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ነው።